ስፌቱ ካለቀ በኋላ ያለው ሒሳብ

በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር



ሒሳብ ክፍል መድረክ ላይ ሲወጣ የሚጠበቅበት ገቢና ወጪ ማንበብ ነው። እሱ በእጃችሁ በያዛችሁት ወረቀት ላይ ታትሟል፤ ከሰዓት በኋላ መስመር በመስመር እናየዋለን። ጠዋቱን ግን ኮሚቴው ለሌላ ጉዳይ ሰጥቶናል። በመዝገባችን ላይ ስለሌለ አንድ ወጪ ልንነግራችሁ ነው። ወጪው የሌለው ቆጥበን አይደለም፤ ከልክለን ነው።

ታሪኩን የምንናገረው ባለቤቷን አስፈቅደን ነው። ስሜ አይነሳ ብላለች፤ አናነሳም። ከአጋሮ ወዲያ ባለ የቡና ቀበሌ የምትኖር የቡድን አባል ናት። ወንድ ልጇ ሲወለድ ከንፈሩም ላንቃውም የተሰነጠቀ ነበር። ከንፈሩ በጨቅላነቱ ተሰፋ። ላንቃው ግን ዘገየና አራት ዓመት ሊሞላው ሲል በዘመቻ ተሠራለት፤ ወጪውን በጎ አድራጊዎች ሸፈኑት። ሲመለሱ የቡድኑ እናቶች ዳቦ ደፍተው፣ ቡና አፍልተው ተቀበሏቸው። እኛም በቃለ ጉባኤያችን ላይ «የአባላችን ልጅ ድኗል» ብለን ጻፍን።

ከጥቂት ወራት በኋላ እናቱ ማመልከቻ አስገባች። የጠየቀችው የመኪና ነው። ጅማ ላይ በፕሮጀክት የተቀጠረች አንዲት የንግግር ሕክምና ባለሙያ ልጁን በየሳምንቱ አምጪው ብላታለች። ሦስት ጊዜ አመላልሳው ገንዘቧ አለቀ። የማኅበራዊ ፈንዳችን መመሪያ ለሕመም የሚከፍለው የመድኃኒት፣ የምርመራ ወይም የአልጋ ደረሰኝ ሲቀርብ ነው። ሚኒባስ ደግሞ ደረሰኝ አይሰጥም። በዚያ ላይ ልጁ በራሳችን ቃለ ጉባኤ «ድኗል»። ማመልከቻውን ውድቅ አደረግነው፤ ፊርማችንም አለበት።

እሷ አልተከራከረችም። ሳምንታዊ ቁጠባዋንም አንድ ቀን አላጓደለችም። እኛም ነገሩን ረሳነው።

ያስታወሰን የቡድኑን መዝገብ ለማመሳከር የሄድን ጊዜ ነው። ልጁ በር ላይ ተቀምጦ ነበር። ወደ አንዷ ቀና ብሎ አንድ ነገር ተናገረ። አልገባትም። ደገመው። ለጎረቤቷ ነገረቻት፤ ለእሷም አልገባትም። ሌላዋ «ርቦት ነው» ብላ ዳቦ ቆርሳ ሰጠችው። ዳቦውን ገፍቶ በጣቱ ወደ ጀሪካኑ አመለከተ። ለካ «ቢሻን» እያለ ነበር፤ ውኃ። በኦሮምኛ ውኃ ለመጠየቅ ከሚያስፈልጉት ድምፆች ውስጥ «ቢ»ም «ሻ»ም ከአፉ አይወጡም፤ የሚሰማው መጨረሻው «ን» ብቻ ነው። አምስት ዓመት ሊሆነው ነው። ትምህርት ቤት ሊመዘገብ ሄዶ ስሙን ሲጠየቅ የተናገረውን ማንም ስላልሰማው ልጆቹ ሳቁ፤ ከዚያ በኋላ አልሄድም አለ። ይህን የነገረችን እናቱ ሳትሆን አያቱ ናቸው።

እኛ «ድኗል» ያልነው ልጅ ይህ ነው።

ላንቃ ምን እንደሚሠራ ባለማወቃችን ነው የተሳሳትነው፤ ስለዚህ አንድ ነገር አብረን እንሞክር። ጣታችሁን አፍንጫችሁ ላይ አድርጋችሁ «ማማ» በሉ። አፍንጫችሁ ይነዝራል። አሁን «ባባ» በሉ። አይነዝርም። (እማማም ከኋላ ሞክረውታል፤ አየንዎት።) «ማ» ስንል ድምፁ በአፍንጫ ያልፋል። «ባ» ስንል ግን ከላንቃችን ጀርባ ያለው ለስላሳ ሥጋ እንደ በር ይነሳና የአፍንጫን መንገድ ይዘጋል፤ አየሩ ከከንፈር ጀርባ ታምቆ ፈንድቶ ይወጣል። ላንቃው የተሰነጠቀ ልጅ ይህ በር አይዘጋለትም። «ባ» ሲል «ማ» ይሆንበታል፣ «ዳ» ሲል «ና»። «ሰ» እና «ሸ»ም በአፍንጫው ያመልጡታል። ልጅ ግን ብልህ ነው፤ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ድምፁን ከጉሮሮው እየቆረጠ ያወጣዋል። ዓመት ሲያልፍ ያ ብልሃት ልማድ ይሆናል።

ሐኪሙ ላንቃውን ሲሰፋ በሩን ሠራ ማለት ነው። ምላሱና ጉሮሮው ግን የለመዱትን ይቀጥላሉ። ላንቃ ልጁ ብዙ ቃል ማውጣት ሳይጀምር፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ9 እስከ 18 ወር ባለው ዕድሜ ቢሠራ ይሻላል የሚባለው ለዚህ ነው። በዘገየ ቁጥር የሚታረመው ልማድ ይበዛል። አንዳንዴ ደግሞ ከስፌት በኋላም ላንቃው ያጥርና በሩ አይገጥምም። ያን ጊዜ ልምምድ ብቻውን አያድነውም፤ ሌላ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። የትኛው ልጅ ልምምድ፣ የትኛው ልጅ ዳግም ቀዶ ሕክምና እንደሚፈልግ ለመለየት የሚረዳው የንግግር ባለሙያው ነው። ጆሮም አለ። ላንቃቸው የተሰነጠቀ ልጆች ከጆሮ ታምቡር በስተጀርባ ፈሳሽ ስለሚጠራቀምባቸው መስማታቸው ይቀንሳል። የማይሰማውን ድምፅ ደግሞ ማንም ሊናገረው አይችልም።

ስንቶች ናቸው ትሉ ይሆናል። በዓለም ዙሪያ በተለምዶ የሚጠቀሰው ስሌት ከ700 ልጆች አንዱ ከንፈሩ ወይም ላንቃው ተሰንጥቆ ይወለዳል የሚል ነው። በአገራችን በዓመት ከ3 ሚሊዮን በላይ ልጆች ይወለዳሉ። ማባዛትና ማካፈል ሥራችን ስለሆነ ሠራነው፤ በዚህ ስሌት በዓመት ከ4,000 በላይ ይሆናል። ሁሉም የላንቃ አይደለም፤ ከንፈሩ ብቻ የተሰነጠቀ ልጅ ንግግሩ ብዙም አይጎዳም። ግን የንግግር ሕክምና የሚያስፈልገው ለላንቃ ብቻም አይደለም። ማጅራት ገትር ጆሮውን የወሰደበት ልጅ አለ፤ የሚንተባተብ ወጣት አለ፤ ኦቲዝም ያለባት ልጅ አለች፤ ደም ግፊት ጥሏቸው በአንድ ሌሊት ቃል የጠፋባቸው አባት አሉ። በየቡድናችን ብንቆጥር ከእነዚህ አንዱ የሌለበት ቤት ዘመድ መንደር አናገኝም።

በጎ የተሠራውን እንናገር። ጅማ ለዚህ ሕክምና ባዶ ከተማ አይደለችም። ኦፕሬሽን ስማይል የተባለው ድርጅት ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ጋር የከንፈርና የላንቃ ቀዶ ሕክምና ሲያካሂድ ቆይቷል፤ ከኢሉባቦር፣ ከከፋ፣ ከዳውሮ ሳይቀር ልጆች ይመጣሉ። በአዲስ አበባ የየካቲት 12 ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ በዚህ ሕክምና የታወቀ ነው፤ ቀዶ ሕክምናውን ከንግግር ክትትል ጋር ያያይዘዋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የንግግርና ቋንቋ ሕክምናን በዲግሪ ማስተማር ጀምሯል። ሙያው በአፍሪካችን ምሥራቅ ራሱ አዲስ ነው፤ የኡጋንዳው ማከሬሬ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ከዚያ በፊት በአገራችን በአብዛኛው እናቶች ናቸው የታገሉት። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸው ኦቲዝም እንዳለበት ካወቁ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ፤ በአማርኛ ፊደል ላይ የተመሠረተ «አቡጊዳ ፎነቲክስ» የሚባል የማስተማሪያ ዘዴም አዘጋጁ። እ.ኤ.አ. በ2021 አርፈዋል፤ ነፍስ ይማር። የውበት ሥራ ባለሙያ የነበሩ እናት ይህን ያህል መሥራታቸው ያኮራል። ግን ደግሞ ያስቆጫል፤ አንዲት እናት ልጇ አፉን እንዲፈታ ማዕከል መክፈት ባይኖርባት ይሻል ነበር።

ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቀዶ ሕክምና አንድ ጊዜ ነው፤ ለአንድ ጊዜ ሰው በሬውንም ሸጦ ይሄዳል። ንግግር ግን በየሳምንቱ ነው።

አሁን ወደ እኛ ሙያ እንግባ። ታሪፉ ስለሚለዋወጥ ብር አንጠራም፤ ወንበር እንቆጥራለን። ባለሙያዋ ያዘዘችው ለመጀመሪያው ሦስት ወር በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ 12 ጉዞ። እናትና ልጅ ሁለት ናቸው፤ ደርሶ መልስ ሲሆን 48 ወንበር። ከቀበሌዋ አጋሮ አንድ መኪና፣ ከአጋሮ ጅማ 45 ኪሎ ሜትር ሌላ መኪና፤ 96 ወንበር። ልጇን ጭኗ ላይ ብታስቀምጠው ወደ 48 ይወርዳል፤ እሷም ያደረገችው ይህንኑ ነው። የአምስት ዓመት ልጅ ጭን ላይ 45 ኪሎ ሜትር። በዚህ ላይ ምሳ አለ። የቀረባት የቀን ሥራም አለ።

የቀን ሥራው ነገር በሚገባ ሊታሰብበት ይገባል። የእኛ አገር ሰዓት የሚቆጠረው በቡና ነው። ከመስከረም ማገባደጃ እስከ ታኅሣሥ ለቀማ ነው፤ በእጅ ገንዘብ የሚገባው ያን ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ አንዲት ሴት ከሥራ የቀረችበት ቀን ዓመቱን ሙሉ ይታወቃታል። ቀዩ ቡና በኪሎ ነው፤ ያልተለቀመ አይከፈልም። ለቀማው አልቆ ጀንፈሉ ከተሸጠ በኋላ ጊዜ ይገኛል፤ ያ ገንዘብ ግን በዕዳና በትምህርት ቤት ወጪ ያልቃል። ክረምት ሲገባ ጊዜውም አለ፣ ልጁም አለ፣ የመኪናው ግን የለም። ስለዚህ አንዲት የቡና እናት ልጇን በተከታታይ 12 ሳምንት ማመላለስ የምትችልበት ወቅት በዓመት ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። በቀጠሮ ካርድ ላይ «ቀርታለች፤ አቋርጣለች» ተብሎ ሲጻፍ ከጀርባው ያለው ይህ ነው። እኛም ደረሰኝ አምጪ ስንላት በዚያው መዝገብ ላይ አንድ መስመር ጨመርን።

ከቡድኖች ጋር ስንወያይ ከአንዲት እናት የመጣች ሐሳብ አለች፤ ከእኛ ሐሳብ ሁሉ ትበልጣለች። ሐሙስ የጅማ ገበያ ነው። ሐሙስ ከየወረዳው ሰው ወደ ጅማ ይጎርፋል፤ ብዙ እናቶች በዚያን ቀን ቅቤውንም፣ ዶሮውንም፣ በርበሬውንም ይዘው መምጣታቸው አይቀርም። የንግግር ቀጠሮ ሐሙስ ቢሆን እናቲቱ ለሁለት ጉዳይ አንድ መኪና ትከፍላለች። ይህ ለማንም አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ቀጠሮ የሚያወጣውን ሰው መጠየቅ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ቋንቋውም ሌላ ጉዳይ ነው። የንግግር ሕክምና መጻሕፍት በአብዛኛው የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። የእንግሊዝኛው ልምምድ ብዙ ጊዜ «ፐ» ከሚለው ድምፅ ይጀምራል። በአማርኛ «ፐ» በብዛት የሚገኘው ከውጭ በመጡ ቃላት ነው፤ ፖሊስ፣ ፖስታ እያልን። በኦሮምኛም እንዲሁ ነው። የእኛ ልጅ ከማለዳ እስከ ማታ የሚያስፈልጉት ቃላት አባ፣ ቡነ፣ ቢሻን ናቸው። መጀመር ያለበት ከእነሱ ነው። ደግሞ በኦሮምኛ አናባቢ ሲረዝም ትርጉም ይለወጣል፤ «ለፈ» መሬት ነው፣ «ላፋ» ለስላሳ። በአማርኛ ሲጠብቅና ሲላላ ይለወጣል፤ «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል። ቀ፣ ጠ፣ ጨ የሚሉትን ፈንጂ ድምፆችም እንግሊዝኛው አያውቃቸውም። በጅማና በአካባቢዋ ቤት ውስጥ ኦሮምኛ፣ ገበያ ላይ አማርኛ፣ ከአያት ጋር ከፊኛ ወይም የምኛ የሚሰማ ልጅ ብዙ ነው። ስለዚህ ለዚህ አገር የሚመደብ ባለሙያ ልጁ አፉን የሚፈታበትን ቋንቋ የሚያውቅ መሆን አለበት። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ወደ ኅብረተሰቡ እየላከ በማስተማር የታወቀ ነው፤ የቋንቋና የልዩ ፍላጎት ትምህርት መምህራኑ ከጤናው ጋር ተቀምጠው አንድ የኦሮምኛ የቃላት ዝርዝር ከሥዕል ጋር ቢያዘጋጁልን ትልቅ ሥራ ነው። ይህን በደብዳቤ ጠይቀናል።

ቤት ውስጥ ምን ይደረጋል? ባለሙያዋ ለእናቲቱ ካሳየቻት ውስጥ ያየነውን እንንገራችሁ፤ ግን ይህን ሰምቶ ባለሙያ ነኝ የሚል አይኑር። ለእያንዳንዱ ልጅ የሚታዘዘው ይለያያል። ለዚህ ልጅ የታዘዘው በቀን ሁለት ጊዜ፣ ቡና እስኪፈላ ለምታህል ደቂቃ፣ ከእናቱ ፊት ለፊት ተቀምጦ አንድ ድምፅ ብቻ መለማመድ ነው። መጀመሪያ ድምፁን ብቻ፣ ቀጥሎ ከአናባቢ ጋር፣ ቀጥሎ በቃል ውስጥ፣ በመጨረሻ በወሬ ውስጥ። ትንሽ መስታወት ከአፍንጫው ሥር ትይዛለች፤ «ባ» ሲል መስታወቱ ከደበዘዘ አየሩ በአፍንጫው ወጥቷል ማለት ነው። ካልደበዘዘ ትስመዋለች። ሲሳሳት አይሳቅበትም፣ አይቆጣም። ፊኛ ማስነፋትና ሻማ ማጥፋት ግን ለንግግር እንደማይጠቅም ባለሙያዋ በግልጽ ነግራታለች። ብዙዎቻችን ፊኛ ገዝተን ልንልክ ነበር፤ እንኳን ሳንገዛ ቀረን።

አንድ ሌላ ነገርም ሳንደብቅ እንናገር። በአካባቢያችን ልጅ አፉን ሳይፈታ ሲዘገይ እንጥሉን ማስቆረጥ ገና አልቀረም። ደም ይፈስበታል፣ ያመረቅዛል፣ የሞተም አለ፤ ንግግር ግን ከዚያ አይመጣም። «አባቱም እንዲሁ ዘግይቶ ነው የተናገረው» ማለትም አለ። ምናልባት እውነት ነው። ሁለት ዓመት ሞልቶት ሁለት ቃል አጣምሮ የማይናገር ልጅ ግን ቢያንስ ጆሮው ይመርመር። መስማት የማይችል ሆኖ ከተገኘ ደግሞ መንገዱ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ የምልክት ቋንቋ ሙሉ ቋንቋ ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በዲግሪ ያስተምረዋል። ዓላማችን ሁሉንም ልጅ በግድ በድምፅ ማናገር አይደለም።

አሁን ዋናውን እንበል። ያቺ ባለሙያ የለችም። የተቀጠረችው በፕሮጀክት ነበር፤ ፕሮጀክቱ አለቀ፣ ውሏ አለቀ፣ ሄደች። ማንንም አንወቅስም፤ የፕሮጀክት ተፈጥሮው ነው። መስታወቱ፣ ሥዕሎቹ፣ ትንንሾቹ ወንበሮች ግን እዚያው ክፍል ውስጥ ተቆልፎባቸው ቀርተዋል።

በመንግሥት በጀት መዝገብ 6111 የሚባል ቁጥር አለ። ለቋሚ ሠራተኛ የሚከፈል ደመወዝ ማለት ነው። የቀን አበል 6231 ነው፣ የትራንስፖርት 6232። እነዚህን ቁጥሮች መንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ድርጅቶች ዕቃ ሊሰጡ ይችላሉ፤ ሥልጠና ሊሰጡ ይችላሉ፤ ሕንፃም ይሠራሉ። 6111 ላይ መግባት የሚችለው ግን የጸደቀ የሥራ መደብ ያለው ሰው ብቻ ነው። መደብ ከሌለ ዩኒቨርሲቲ ያስመረቀው ባለሙያ ወደ ወረዳችን ሊመጣ ቢፈልግ እንኳ የሚቀመጥበት መስመር የለም፤ ወደ ግል ክሊኒክ ወይም ወደ ውጭ ይሄዳል። ደቡብ አፍሪካ ተመራቂ የንግግር ባለሙያዎቿን ለአንድ ዓመት በሕዝብ ጤና ተቋማት እንዲያገለግሉ ታደርጋለች፤ ብዙዎቹም ገጠር ይደርሳቸዋል። እኛም ለሌሎች የጤና ሙያዎች ምደባን እናውቀዋለን፤ አዲስ ነገር አይደለም።

ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን እንዲያቋቁምና እንዲረዳ ያዛል። በ2002 ዓ.ም. አገራችን ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 26 የተሃድሶ አገልግሎት በገጠር ሳይቀር በተቻለ መጠን ለሰዎች መኖሪያ ቅርብ እንዲሆን ይላል። «አቅም በፈቀደ መጠን» የሚለው ሐረግ ለሒሳብ ሠራተኛ ሰፊ በር ነው፤ ሁሉ ነገር በዚያ ያመልጣል። ስለዚህ ጥያቄያችን ትንሽና የሚቆጠር መሆን አለበት፤ አንድ ሰው፣ አንድ መደብ፣ አንድ ሐሙስ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ሰኔ ላይ ደብዳቤ ይዞ የሚሄድ ዘግይቷል፤ መሥሪያ ቤቶች ዕቅዳቸውን ሲያዘጋጁ ጥያቄያችን ከፊታቸው መኖር አለበት።

የጤና መድኑም ይጠየቃል። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ4 ክልሎች በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ከኦሮሚያ ከተመረጡት አንዱ የእኛው ሊሙ ኮሳ ነው። ሊሙዎች ከማንም ቀድማችሁ ያዋጣችሁ ናችሁ፤ ስለዚህ ከማንም ቀድማችሁ የመጠየቅ መብት አላችሁ። መድኑ ካርድና መድኃኒት ይሸፍናል፤ መኪና አይሸፍንም። ባለሙያው ጅማ ብቻ እስካለ ድረስ ደግሞ የዚህ ሕክምና ትልቁ ወጪ መኪናው ነው። ቢያንስ የንግግር ክትትል በሪፈር ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችንም ከወሊድ በኋላ ቤት ለቤት ሲሄዱ የሕፃኑን ላንቃ በባትሪ ይዩ። ከንፈሩ ደህና ሆኖ ላንቃው ብቻ የተሰነጠቀ ልጅ ጡት ሲጠባ ወተቱ በአፍንጫው ሲወጣ እንጂ በዓይን አይታይም፤ ስንቱ እንዲሁ ሳይታወቅ አድጓል።

ደጋፊዎቻችን ሆይ፣ ለእናንተም አንድ ቃል አለን፤ በድፍረት ከሆነ ይቅርታ። ወንበርና መጫወቻ በቅቶናል። ብትረዱን የመኪና ወንበር እርዱን፤ ደረሰኝ ስለሌለው ነገር ፈቀቅ በሉልን። የአሽከርካሪ ፊርማና የቡድን መሪ ምስክርነት ያለበት ቅጽ አዘጋጅተናል፤ ኦዲተራችንም አይቶታል።

እኛ ራሳችን ምን እናዋጣለን? ቡድኖቻችን በየሳምንቱ ይሰበሰባሉ። ይህ ልምምድ የሚፈልገው በየሳምንቱ «ተለማመድክ ወይ?» የሚል ሰው ነው። ሌላ ቦታ በገንዘብ የሚገዛው ነገር እኛ ዘንድ አለ። የዚህ ልጅ እናት ከሦስቱ ጉዞዎች የያዘችውን ይዛ ብቻዋን ቀጥላለች፤ እኛ ከከለከልናት በኋላም አላቆመችም። አሁን ልጁ ስብሰባ ሲመጣ ቁጠባ ከመቆጠሩ በፊት አንድ ቃል ይላል፤ ሁሉም ያዳምጣሉ። ባለፈው ወር «ቡነ» አለ። በግልጽ ነው የተሰማው፤ ሲኒ ሰጡት፣ ለልጅ ባይሰጥም። «ሻ» ገና ነው። ለ«ሻ» ባለሙያ ያስፈልገዋል፤ ላንቃው በቂ ርዝመት እንዳለው የሚያይ ሰው ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ሒሳብ ክፍል ለጉባኤው የሚያቀርበው የውሳኔ ሐሳብ ይህ ነው። የማኅበራዊ ፈንድ መመሪያው «ለሕመም» የሚለው ክፍል ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያለን የንግግር፣ የመስማትና የእንቅስቃሴ ክትትል እንዲጨምር፤ የጉዞ ወጪ በአዲሱ ቅጽ እንዲከፈል፤ የመደብና የሐሙስ ቀጠሮ ጥያቄያችን በሁሉም ቡድን መሪዎች ፊርማ ለዞኑ ጤና ጽሕፈት ቤትና ለሚመለከታቸው ሆስፒታሎች እንዲገባ፤ ደግሞም በዚያ ቃለ ጉባኤ ላይ «ድኗል» የሚለው ቃል ተሰርዞ «ላንቃው ተሠርቶለታል» በሚል እንዲተካ። የእናቲቱ ማመልከቻ ከፋይሉ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ነው። ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ከሸቤ ቡድን ጥያቄ እንዳለ ተነግሮናል፤ ማይኩን ወደዚያ አሳልፉልን።